ቆሻሻ የገዛን ዕለት

ሰው ዳቦ ይገዛል፤ ሰው መጽሐፍ ይገዛል፤ ኪሱ የፈቀደለት ደግሞ ጫማ ይገዛል። እኛ ግን ባለፈው መንፈቅ ቆሻሻ ገዛን። አዎን፣ ቆሻሻ! አንድ ክፍል የምንጋራ አራት ተማሪዎች የሻይ፣ የፎቶ ኮፒና የታክሲ ገንዘባችንን አዋጥተን፣ መርካቶ ድረስ ወርደን፣ ተከራክረን፣ በክርክሩም ተሸንፈን፣ ሌላው ሰው ጥሎታል ብለን ያሰብነውን ዕቃ በጥሬ ገንዘብ ገዝተን ተሸክመን ተመለስን። ወሬውን የሰሙ የሕንፃችን ልጆች እስከ ዛሬ ድረስ ሲያዩን «ቆራሌው!» እያሉ ይጠሩናል። ይጥሩን። ስድቡ ውስጥ እውነት ስላለበት አልተቀየምንም። ይልቅስ እንዴት እዚያ እንደ ደረስንና ምን ይዘን እንደ ተመለስን ለእናንተ ለጓደኞቻችን ሳንደብቅ እንንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በሥነ ውበት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራችን አንድ ቀን መብራቱን አጥፍተው ግድግዳው ላይ ፎቶግራፎች ያሳዩን ጀመር። የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ከወለል እስከ ጣሪያ በጥራጊ የታጨቀ ክፍል ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«ቆሼ!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«አይደለም፤ ፓሪስ ነው» አሉና ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ በኋላ ከምናነሣው ከቆሼው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1958 ኢቭ ክላይን የተባለው ሠዓሊ ፓሪስ ውስጥ በኢሪስ ክሌር ማሳያ ቤት ያለውን ዕቃ ሁሉ አውጥቶ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀብቶ፣ ባዶውን ክፍል «እነሆ ሥራዬ» ብሎ ለተመልካች ከፈተ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በጥቅምት ወር 1960፣ ወዳጁ አርማን ያንኑ ክፍል ሰው መግባት እስኪያቅተው ድረስ በውዳቂ ዕቃ ሞላው። ሕዝቡ ደጅ ቆሞ በመስኮቱ መስታወት እያጮለቀ አየ። የጥሪ ወረቀቱ የተላከው ደግሞ በሰርዲን ቆርቆሮ ታሽጎ ነበር! በዚያው ዓመት ሴዛር የተባለው ቀራጺ በብረት መጭመቂያ መኪና ተጨፍልቀው እንደ ሣጥን የሆኑ አውቶሞቢሎችን አምጥቶ «ቅርጻ ቅርጽ ናቸው» ብሎ አቆመ። አርማንም በ1982 ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሚገኝ ሥፍራ ወደ 60 የሚጠጉ መኪኖችን በኮንክሪት ውስጥ ደርድሮ 20 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ግንብ ሠራ። ስሙንም «የረጅም ጊዜ መኪና ማቆሚያ» አለው። በእውነትም ከዚያ ማንም መኪናውን አያወጣም።

ለምን እንዲህ አደረጉ? መምህራችን እንዳስረዱን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የምዕራቡ ፋብሪካ ማምረት ከመቻሉ የተነሣ ችግሩ ማምረት ሳይሆን መሸጥ ሆነ። ዕቃ ቶሎ ካላረጀ ገዢ ተመልሶ አይመጣም። የዚህ ብልሃት ደግሞ ከጦርነቱም በፊት የነበረ ነው። በ1924 የልዩ ልዩ አገር አምፑል አምራቾች ጄኔቭ ላይ «ፊበስ» በሚባል ማኅበር ተስማምተው አንድ አምፑል ከ1,000 ሰዓት በላይ እንዳያበራ ወሰኑ። ከዚያ በፊት ከዚህ የበለጠ የሚቆይ አምፑል ይሠራ ነበር። የማን አምፑል ረጅም ዕድሜ እንዳገኘ እየተመረመረ አምራቹ መቀጮ ይከፍል ነበር። እኛ ይህን ስንሰማ ደማችን ፈላ። የአምፑል ሞት እንኳ በስብሰባ ይወሰናል እንዴ! እነ አርማንም ይህንን የሸቀጥ አምልኮ መልሰው ለአምላኪው አሳዩት፤ «የገዛኸውን አየህ፤ እስቲ ደግሞ የጣልከውን እይ» አሉት ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን የኪነ ጥበብ ክበባችን የመንፈቅ ዓመት መዝጊያ ዐውደ ርእይ ሊያዘጋጅ ነበርና እኛም ሳናመነታ ተመዘገብን። «ሸማቹ» የሚባል ሐውልት ልንሠራ ነው። ሆዱ በርሜል፣ ጭንቅላቱ የዘይት ጣሳ፣ እጁ የተዘረጋ፣ አፉ የተከፈተ፣ በልቶ የማይጠግብ ሰው! ዕቃው ሁሉ ውዳቂ ስለሚሆን ወጪ የለብንም ብለን ተደሰትን።

ከዚህ በኋላ ያለው ውርደት ነው።

መጀመሪያ ግቢያችንን አሰስን። ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ዘንድ ሄድን። ገንዳው ውስጥ ሃይላንድ አለ ብለን ነበር፤ አንድም የለም። የጠጣነው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ገና በማለዳ ተለቅሞ ሄዷል። ጣሳ የለም። ካርቶን የለም። ሽቦ የለም። የቀረው ልጣጭና አመድ ብቻ ነው። ሁለት ልጆች ማዳበሪያ ተሸክመው ከአጥሩ ወዲያ ሲያልፉ አየናቸውና ገባን። ለካ እኛ «ውዳቂ» የምንለው ዕቃ ገና ከእጃችን ሳይወድቅ የሚጠብቀው ሰው አለ! በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ልጅ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው የመጣ ነው ይባላል። «ልዋጭ!» የሚለውንም እንዲሁ፤ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሰሃንና ኩባያ የሚሰጠውን። ሰምተነዋል እንጂ አስበነው አናውቅም ነበር።

እንግዲህ ቆሻሻ ፍለጋ መርካቶ ወረድን። ምን አለሽ ተራን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም፤ ቢኖር ግን ቀድሞ የሚያውቀው በዐይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። መዶሻው ከሩቅ ይጣራል። በርሜል ተሰንጥቆ፣ ተዘርግቶ፣ ተቀጥቅጦ ሣጥንና የከሰል ምድጃ ይሆናል። የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። ብሎን ከብሎን፣ ሽቦ ከሽቦ ተለይቶ ተቆልሏል። አንድ በሽበት የተሞሉ ቀጥቃጭ ፊት ቆመን የተዘረጋ ግማሽ በርሜል ዋጋ ጠየቅን። የነገሩን ዋጋ የአንዳችንን የወር የሻይ ገንዘብ የሚበላ ነበር።

«ጋሼ፣ ውዳቂ እኮ ነው» አልናቸው።

«የት ወድቆ አያችሁት?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። አይተውን አዘኑልን መሰለን፣ ጥቂት ቀነሱልንና «ለመሆኑ ለምን ፈለጋችሁት?» አሉ።

«ሐውልት ልንሠራበት።»

«የማን ሐውልት?»

«የሸማች ሐውልት ነው፣ ጋሼ።»

«ሸማች ማለት?»

«እንግዲህ፣ ሳያስፈልገው ዝም ብሎ የሚገዛ ሰው።»

መዶሻቸውን አስቀምጠው አራታችንንም ተራ በተራ አዩን። በርሜሉን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እንደ እናንተ ማለት ነው?» አሉን።

አካባቢው ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ ግን ያ ሳቅ አልተመቸንም። ከፍለን ስንወጣ ከኋላችን «ሁለት ምድጃ ይወጣው ነበር» ሲሉ ሰማናቸው። ለኛ አልነበረም የሚናገሩት፤ ለበርሜሉ ነበር።

ከሌላው መደብር የብስክሌት ቸርኬ፣ የዘይት ጣሳ፣ አንድ ፌስታል ቆርኪና ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የተነቀሉ አረንጓዴ ሰሌዳዎች ገዝተን ተመለስንና ሦስት ሌሊት ሠራን። በርሜሉን አጉብጠን ሆድ አደረግነው። እጅና እግሩን በሽቦ ለማሰር በየቦታው በምስማር በሳሳነው። ቸርኬው የጎድን አጥንት ሆነ፤ ቆርኪው የአንገት ጌጥ። ደረቱ ላይ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎቹን ደረደርንና «አሁን ልብ ያስፈልገዋል» አልን።

ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ ሎከሩን ከፈተና አሮጌ ስልኩን አመጣ። «ይኼ ይሁነው» አለ። ስልኩ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል እንጂ ሲጫኑት ይበራል።

«ይሠራ የለም እንዴ?» አልነው።

ዝም አለ። ከዚያም የማያውቅ ሰው እንዲነግረን የማንፈልገውን ነገር ነገረን። ባለፈው ዓመት ወደ ቤት ደውሎ «ስልኬ ሞተ፣ ትምህርቴን መከታተል አልቻልኩም» ብሎ ነበር። አባቱም ሁለት በግ ሸጠው ገንዘቡን ላኩለት። ስልኩ ግን አልሞተም ነበር። የሞተው፣ እሱ እንዳለው፣ «በሌሎች ፊት ከኪሴ የማውጣት ድፍረቴ» ነበር።

ማናችንም አልሳቅንበትም። ስለ ፊበስ አምፑል ስንቆጣ የሰነበትን ሰዎች ነበርን። ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው የአምፑል ዕድሜ የቆረጡትን ኮነንን፤ ይህን ስልክ ግን ዕድሜውን ያሳጠረበት ማንም ስብሰባ አልነበረም። አንድ ተማሪ በአንድ ምሽት ወሰነበት፤ ዋጋውንም የከፈሉት በጎቹና ባለ በጎቹ ናቸው። የቀረነውም ሦስታችን በየልባችን የየራሳችንን ዕቃ ቆጠርን። አንዳችን ያልተቀደደ ጫማ፣ ሌላችን ያልተበላሸ ቦርሳ። የቀጥቃጩ ጥያቄ ያን ሌሊት ተመልሶ ክፍላችን ውስጥ ገባ፤ እንደ እናንተ ማለት ነው?

ስልኩን በልቡ ቦታ አሰርነውና ሐውልቱ አለቀ።

ዐውደ ርእዩ በደንብ ሄደ ማለት ይቻላል። በአስተያየት መጻፊያው ደብተር ላይ አንዱ «ጥልቅ ነው» ብሎ ጻፈልን፤ ሌላው «የካፒታሊዝም አስከሬን» አለ። ደስ አለን። ኩራቱ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ማታ ብቻ ነው የቆየው። አዳራሹን የሚያጸዱት እናት መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሐውልቱን ብዙ አዩትና «ልጆቼ፣ ይኼን መቼ ነው የምትጥሉት?» አሉን።

«ለምን፣ እማማ?»

«በርሜሉን ለኔ ብትተዉልኝ ብዬ ነው። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ማጠራቀሚያ የለኝም።»

ከዚያ ጠጋ ብለው ዳሰሱት። ጣታቸው የበሳነው ቀዳዳ ውስጥ ገባ፤ ሌላውም፣ ሌላውም። «ኧረ በስታችሁታል!» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ልጅ ዳቦ ሲጥል ያየች እናት እንደምትለው ነው ያሉት።

እነሆ ነገሩ ሁሉ የተገለጠልን ያን ጊዜ ነው። የፓሪሱ ቅርጻ ቅርጽ ትርጉም የሚያገኘው ዕቃው በእርግጥ ስለ ተጣለ ነው። ያንን የተጨፈለቀ መኪና ማንም አይጠብቀውም፤ ቀራጺው ከማንም አልቀማም። የኛ በርሜል ግን ምን አለሽ ተራ ሳለ ምድጃ ወይም የውሃ ማጠራቀሚያ ሊሆን ይጠብቅ ነበር። ውዳቂ ያደረግነው እኛ ነን። ሸማችነትን እንተቻለን ብለን ወጥተን፣ ያልወደቀ ዕቃ ገዝተን፣ በስተን፣ ጣልን። ሐሳቡንም እንደ ሌላው ሸቀጥ ከውጭ አስመጥተን፣ ልካችን መሆኑን ሳንለካ ለብሰነው ነበር።

በዚህ ላይ ክፍላችን ውስጥ ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንዱ «እንግዲያው ሕዝባችን አባካኝ አይደለም፤ ሌላው ከኛ ይማር» አለ። ሌላው ተቆጣ። «ደሃ ዕቃ የማይጥለው የሚጥለው ስለሌለው ነው! እማማ ቢኖራቸው አዲስ በርሜል ይገዙ ነበር። ችግርን ጥበብ ብለህ አታሞግሥ» አለው። «ደግሞስ» አለ፣ «ሁሉም ነገር ተለቅሞ ያልቃል ያለህ ማን ነው? ቆሼን ረሳኸው?»

ማን ይረሳል! መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼው የቆሻሻ ተራራ ተደርምሶ ሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ኑሯቸው ከዚያው ተራራ ላይ ከሚለቅሙት ነበር። በሥነ ውበት ክፍል ውስጥ «ቆሼ!» ተብሎ ሲቀለድ የሳቅነው እኛ ነን። ስለዚህ «እኛ አንጥልም» ማለት ሐሰት ነው። ከተማችን ትጥላለች፤ የጣለችውም የት እንደሚያርፍ የምታውቀው ሲወድቅ ብቻ ነው።

ታድያ በኛ አገር ከውዳቂ ኪነ ጥበብ መሥራት አይገባም ማለት ነው? አይደለም። የሠራውን ሰው አጠገባችን ሳለ ዘለነው ነው እንጂ። ኤልያስ ስሜ እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዶ፣ እዚሁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ከመርካቶ በሚገዛቸው የኮምፒዩተር ሰሌዳዎችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች የሚሠራ ሰው ነው። በ2019 ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ ዞማ ቤተ መዘክርን የከፈተውም እሱ ነው። ሥራዎቹን በፎቶግራፍ ብታዩ፣ ከሩቅ ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ የእርሻ መሬት ይመስላሉ። ቀረብ ሲሉ ግን እያንዳንዱ ጭረት በእጅ የተጎነጎነ ሽቦ ነው፤ ቀለሙ በቡሩሽ የተቀባ ሳይሆን የሽቦው የራሱ ልባስ ነው። ጋናዊው ኤል አናትሱይም እንዲሁ፤ ንሱካ በሚባለው የናይጄሪያ ከተማ በዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የኖረ ቀራጺ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአረቄ ጠርሙስ ክዳን የሞላበት ከረጢት አገኘና ክዳኖቹን ጠፍጥፎ፣ በመዳብ ሽቦ አያይዞ ግድግዳ የሚያለብስ የብረት ሸማ አደረጋቸው። አረቄ የጥንቱ ነጋዴ ወደዚያ ዳርቻ ካመጣቸው ሸቀጦች አንዱ ነውና፣ ባሪያም ተለውጦበታልና፣ ክዳኑ ብዙ ታሪክ ይናገራል። በ2015 ቬኒስ የዕድሜ ልክ ሥራውን በወርቅ አንበሳ ሽልማት አከበረችው።

ከነዚህና ከኛ ሐውልት መካከል ያለው ልዩነት ችሎታ ብቻ አይመስለንም። እኛ በሦስት ሌሊት «ተመልከቱ ቆሻሻውን!» አልን። እነሱ ዕቃውን የነካውን እጅ ቆጠሩት፤ የሰበሰበውን፣ የፈታውን፣ የጎነጎነውን። በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክ ውዳቂ እንደ ተጣለ፣ በሥርዓት ተሰብስቦ እንደገና ለሥራ የዋለውም ከሩቡ እንደሚያንስ የተባበሩት መንግሥታት ዘገባ ይናገራል። ይህን ቁጥር በሐውልታችን ሥር ጽፈነው ነበር፤ ማንም አላስታወሰውም። አንድ ሽቦ ከአንድ ሽቦ ጋር በትዕግሥት ሲጎነጎን ያየ ሰው ግን ስልኩን ሲያወጣ እጁ ትንሽ ይዘገያል ብለን እናምናለን።

የቀረውን ባጭሩ እንጨርስ። ሸማቹን በጋሪ አስጭነን ወደ ምን አለሽ ተራ መለስነው። ቀጥቃጩ አወቁን። «መጣ ሐውልቱ!» አሉና ሳቁ። ሆዱን ፈትተው ቀዳዳዎቹን አዩ።

«አበላሸነው አይደል፣ ጋሼ?»

«ለውሃ አዎ። ለምድጃ ግን ምን አለበት? አየር ይገባበታል።»

መልሶ መሸጥ አልፈለግንም፤ የእጃቸውን ከፍለን አንድ ምድጃ እንዲሠሩበት ለመንናቸው፤ የተረፈውን ቆርቆሮ ተዉልኝ አሉ። እኛ ሦስት ሌሊት የደከምንበትን ሆድ ከምሳ በፊት ምድጃ አደረጉት። ምድጃውን ለእማማ ወሰድንላቸው። መርቀው ተቀበሉንና ሲያበቁ፣ «ውሃውንስ በምን ልያዘው?» አሉ። ልክ ናቸው። የበሳነው በርሜል ሌላ ነገር ሆነ እንጂ በርሜል አልሆነም።

ስልኩን ከሐውልቱ ደረት ያወጣነው ሳይፈርስ ነው። ባትሪውን ሞልተን ነካነው፤ በራ። ጓደኛችን ለአባቱ ገና አልነገራቸውም፤ ለበዓል ሲሄድ እነግራቸዋለሁ ይላል።

እንግዲህ ለመጪው ዐውደ ርእይ ያሰብነው ሐውልት አይደለም። አንድ ረጅም ጠረጴዛ ብቻ ነው። እያንዳንዳችሁ ሳይሞት የጣላችሁትን አንድ ዕቃ አምጥታችሁ ከነምክንያቱ ታስቀምጡበታላችሁ፤ የሚያስፈልገው ሰው ካለ ደግሞ አንሥቶ ይሄዳል። አንበሳው፣ ስም አንጽፍም። የመጀመሪያውን ዕቃ እኛ እናመጣለን። ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል እንጂ ይሠራል።